ዳቦ ለመግዛት የሚወጣ ሱፐርካር

ጁላይ 18 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ማታ፣ በካሊፎርኒያዋ ተስቲን ከተማ፣ ድሮ የጦር ኃይሉ የአየር መርከቦች ይቆሙበት በነበረ ግዙፍ ሃንጋር ውስጥ፣ ጄኔራል ሞተርስ ስምንተኛውን ትውልድ ኮርቬት ለሕዝብ አሳየ። ከ1953 ጀምሮ ሞተሩን ከፊት ተሸክሞ የኖረው የአሜሪካኖች ስፖርት መኪና፣ ሞተሩን ከነጂው ጀርባ አዙሮ ብቅ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻ ዋጋው ከ60 ሺህ ዶላር በታች ነው ተባለ። ብዙው ወሬ ግን ስለ ፍጥነቱ ነበር፤ ለእሽቅድድም የሚሆነው ዕቃ ሲጨመርበት፣ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም።

እኔን የሳበኝ ሌላው ዝርዝር ነው። መሐንዲሶቹ ከሞተሩ በስተኋላ ሁለት የጎልፍ ቦርሳ የሚያስገባ የዕቃ ቦታ አስተርፈዋል። ጣሪያው በእጅ ተነቅሎ እዚያው ይገባል። የፊት አፍንጫው ጉብታ ሲያጋጥመው በቁልፍ ብድግ ይላል፤ ያነሡበትንም ቦታ በሳተላይት መዝግቦ ይይዝና በሚቀጥለው ቀን ራሱ ይነሣል። እስከ አንድ ሺህ ቦታ ያስታውሳል። ማንም ሰው አንድ ሺህ የእሽቅድድም ሜዳ የለውም። ይህ የተሠራው ለቤት መግቢያ፣ ለሱቅ በር፣ ለትምህርት ቤት ደጃፍ ነው።

ሞተሩ መሐል ላይ የተቀመጠ ሱፐርካር አስቸጋሪ መሆኑ ለረጅም ጊዜ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ነበር፤ ፈጣን ከሆነ ያሞቃል፣ ያደነቁራል፣ ወደ ኋላ አያሳይም፣ ወገብ ይሰብራል። ይህ ሕግ እንዳልነበር፣ አብዛኛው ችግር የመጣው ሠሪዎቹ ስላልደከሙበት እንደሆነ፣ ከዚህ ኮርቬት 30 ዓመት ቀድሞ አንድ የጃፓን ኩባንያ በተግባር አሳይቷል። ገበያው ግን በጊዜው ያን ያህል አላመሰገነውም። ለምን አላመሰገነውም? ዛሬስ ምን ተለወጠ? የዚህ ዓይነት መኪና ማራኪነት ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሞተሩ መሐል የሚገባበትን ምክንያት እናንሣ። በረጅም እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰው በድንገት ዞር ልበል ቢል፣ እንጨቱ እምቢ ይለዋል፤ ከዞረ በኋላ ደግሞ ልቁም ቢል አልቆምም ይለዋል። ያንኑ ውኃ ደረቱ ላይ አቅፎ ቢይዘው ግን እንዳሻው ይዞራል። ክብደቱ ያው ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው ልዩነቱ። የመኪና ትልቁ ክብደት ሞተሩና ካምቢዮው ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ሲሰበሰብ መኪናው ኩርባ ላይ ቶሎ ይታጠፋል። በዚያ ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚያዘነብል፣ ነጂው ቤንዚን ሲረግጥ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። የእሽቅድድም ሰዎች ይህን ያወቁት ቀድመው ነው። የጀርመኑ አውቶ ዩኒየን በ1930ዎቹ ሞክሮታል፤ ጃክ ብራብሃም በ1959 በኩፐር የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሲሆን ሞተሩ ከጀርባው ነበር፤ በ1963 ፌራሪ የለ ማን ውድድርን ያሸነፈውም በዚሁ አቀማመጥ ነው። በ1966 ላምቦርጊኒ ሚዩራን ጄኔቫ ላይ ሲያቆም ነገሩ ከእሽቅድድም ሜዳ ወደ ጎዳና ወረደ። ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር በአግድም ከወንበሮቹ ኋላ የሸጎጠ፣ ማርቼሎ ጋንዲኒ በቤርቶኔ ቤት የነደፈው፣ እስከ ዛሬ ዓይን የማይለቅ መኪና ነው።

ችግሩም አብሮ ወረደ። ሞተሩ የተቀመጠው የሰው ልጅ፣ ሻንጣና የኋላ መስኮት በሚኖሩበት ቦታ ነው። ሙቀቱ በግድግዳ ያልፋል፤ ጩኸቱ ከጆሮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ መካኒኩ እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። የሚዩራ ተተኪ የሆነው ካውንታሽ ችግሩን ወደ ጥግ ወሰደው። ወደ ኋላ መሄድ የፈለገ ነጂ ወደ ላይ የሚከፈተውን በር ከፍቶ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን አውጥቶ እያየ ነበር የሚያቆመው። ፍሪሲዮኑ ከባድ፣ መሪው ከባድ፣ መቀመጫው ለረጅም ሰው የማይሆን። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ትዕይንት በየሆቴሉ በር ላይ በነጻ ይታይ ነበር። ባለቤቶቹ ግን አላፈሩበትም፤ እንዲያውም ኮሩበት። ማንም ሰው ሊነዳው የሚችል ቢሆንማ ኖሮ ምኑ ላይ ነው ልዩነቱ? መከራው የክብሩ አካል ሆነ። ከስመ ጥሮቹ ሠሪዎች አንዳቸውም ይህን ለመለወጥ አልቸኮሉም።

ሆንዳ ወደዚህ ሰፈር የገባው ከውጭ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ቁጠባ ለሚወድ ቤተሰብ የሚሆኑ ትናንሽ መኪኖች ሠሪ ብቻ አልነበረም፤ በ1988 የሆንዳ ሞተር የጫነው ማክላረን ከ16 የፎርሙላ ዋን ውድድሮች 15ቱን አሸንፏል። ያን ጊዜ ሺገሩ ኡኤሃራ የሚባል መሐንዲስ የሚመራው ቡድን፣ ኋላ ኤን ኤስ ኤክስ የተባለውን መኪና እየሠራ ነበር። መኪናው በፌብሩዋሪ 1989 ቺካጎ ላይ ታየ፤ በ1990 መሸጥ ጀመረ። የቡድኑ አካሄድ የጣሊያኖቹ ተቃራኒ ነው። እነሱ ከሞተሩ ጀምረው የተረፈውን ቦታ ለሰው ይሰጣሉ፤ ሆንዳዎች ከነጂው ጀመሩ። የተዋጊ ጀት ነጂ ክፍልን፣ የኤፍ 16ን፣ አጠኑ፤ አብራሪው ከፊት ተቀምጦ ዙሪያውን ሁሉ እንደሚያይ፣ ሞተሩም ከጀርባው እንደሆነ አዩ። ካቢኑን ወደ ፊት ገፉት፤ የፊት ኮፈኑን ዝቅ፣ ምሰሶዎቹን ቀጭን አደረጉ። ውጤቱ ዙሪያውን ከ310 ዲግሪ በላይ የሚያሳይ መስታወት ነው። ከዚህ መኪና ወርዶ ዛሬ የሚሸጥ የቤተሰብ መኪና ውስጥ የሚገባ ሰው፣ ዋሻ የገባ ይመስለዋል።

ክብደቱን የቀነሱት በአሉሚኒየም ነው። በብዛት ከተመረቱ መኪኖች ሙሉ ቦዲው በአሉሚኒየም የተሠራ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ በብረት ቢሆን ኖሮ ከሚመዝነው ወደ 200 ኪሎ ግራም ቀንሶለታል። በዚህም ምክንያት ክብደቱ 1,370 ኪሎ ገደማ ላይ ቆመ። ሞተሩ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ 270 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ቢየላዎቹ ታይታኒየም ስለሆኑ በደቂቃ 8,000 ዙር ይዞራል። ሞተሩ በአግድም መቀመጡ ከኋላው እውነተኛ የዕቃ ቦታ አስገኘ። ቦታው ከማርሚታው ሙቀት ስለማያመልጥ ቅቤና ቸኮሌት አይጫንበትም እንጂ፣ የሁለት ሰው የሳምንት መጨረሻ ሻንጣ ይይዛል። ፍሪሲዮኑ ቀላል እንዲሆን ሁለት ሳህን ተደረገለት። አየር ማቀዝቀዣው በእርግጥ ያቀዘቅዛል። በቶኪዮ የትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ቢቆም አይግልም።

ስለ ፎርሙላ ዋን ነጂው አይርተን ሴና የሚነገረው ታሪክ እዚህ ቦታው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ለጌጥ ነው። ሴና በ1989 መጀመሪያ ለማክላረን ሥራ ሱዙካ ሳለ፣ የመኪናውን ናሙና እንዲነዳው ተጠየቀ። ነዳውና ትንሽ የላላ መስሎኛል አለ። ለስላሳና ምቹ የተባለ መኪና የላላ ቢባል ብዙዎች የሚወስዱት አቋራጭ ሞላውን ማጠንከር ነው፤ መኪናው ይጠነክራል፣ የነጂው ወገብ ይከፍላል። የሆንዳ መሐንዲሶች ወደ ጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ሄደው ወራት ተቀምጠው ሻንሲውን ራሱን በ50 በመቶ አጠነከሩት። ይህ ምርጫ መላውን ነገር ይገልጻል። አጥንቱ ከጠነከረ ሞላው ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ጎማው ጉድጓዱን ሲውጥ ካቢኑ አይንቀጠቀጥም፤ ኩርባው ላይ ደግሞ መኪናው ትእዛዝ ያከብራል። ምቾትና ፍጥነት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት ሻንሲው ደካማ ሲሆን ነው። ጠንካራ ሻንሲ ለመሥራት ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጠንካራ ሞላ ለመግጠም አይጠይቅም።

ይህን በደንብ የተረዳው ሰው ማክላረን ኤፍ 1ን የሠራው ጎርደን መሪ ነው። በዓለም ፈጣኑን መኪና እየነደፈ ሳለ መለኪያ ያደረጋቸውን ፌራሪና ፖርሽ ትቶ ኤን ኤስ ኤክስን ነዳ፤ ለሥራው የሚያነጻጽርበት መኪና እሱ ሆነ። ለራሱም አንዱን ገዝቶ ለዓመታት ነዳው። ማክላረን ኤፍ 1 ከሦስት ወንበሩ ጋር የሻንጣ ሣጥንና ጥሩ አየር ማቀዝቀዣ ይዞ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያው ጊዜ የነበረው ተፎካካሪ ፌራሪ 348 ነበር። 300 የፈረስ ጉልበት፣ የሚያምር ቅርጽ፣ የሚያስፈራ ጠባይ። የሞተሩን ችንጋ ለመቀየር ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ከመኪናው ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ የመካኒኩን የሥራ ሰዓት አስቡት። በ1991 የፌራሪ ሊቀ መንበር የሆነው ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ ራሱ 348 ገዝቶ ነድቶ እንዳልወደደው ኋላ በግልጽ ተናግሯል። በ1994 የመጣው ኤፍ 355 የተሻለ፣ ገራም መኪና ሆነ። በ1999 የተከተለው 360 ሞዴና ደግሞ ከወንበሮቹ ኋላ የመፈተሻ መስኮት ስለነበረው፣ ችንጋውን ሞተር ሳያወጡ መቀየር ተቻለ። ፌራሪ ከሆንዳ ተማርኩ ብሎ አያውቅም፤ ይላል ብሎ የሚጠብቅም የለም።

ታዲያ ገበያው? ኤን ኤስ ኤክስ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 60 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከፌራሪው በብዙ የረከሰ። መጀመሪያ ተሸጠ። ከዚያ የጃፓን ኢኮኖሚ አረፋ ፈነዳ፣ የን ጠነከረ፣ ዋጋው እየጨመረ በመጨረሻ 89 ሺህ ዶላር ደረሰ፤ የአሜሪካ ሽያጩም በዓመት ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። በ2005 ሲቆም በ15 ዓመት የተሠራው 18 ሺህ አካባቢ ነበር። ለዚህ ኢኮኖሚው ብቻ አይወቀስም። “በጣም ደኅና ነው” የሚለው ቃል ተቺዎች የሚያነሡበት ነቀፋ ነበር፤ ስሜት የለውም፣ አያስፈራም፣ እንደ ሆንዳ ሲቪክ ይነሣል ይሉት ነበር። ሆንዳ ራሱ ይህን ሰምቶ በ1992 ለጃፓን ገበያ ብቻ ኤን ኤስ ኤክስ አር የተባለ ዓይነት አወጣ። ድምፅ መከላከያው ተነቅሎ፣ ሬዲዮና ማቀዝቀዣ ቀርቶ፣ 120 ኪሎ ተቀንሶለት፣ ሞላው ደድሮ። ዛሬ በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው ከመደበኛው በብዙ ይበልጣል። መኪናውን ልዩ ያደረገውን ሁሉ ነቅለው ለጣሉለት ሰው አብልጦ መክፈል የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ ሆንዳ ይህን ጠባይ አይቶ ነው የሸጠለት።

ከዚያ ኦዲ መጣ። አር 8 በ2006 ፓሪስ ላይ ታየ፤ በነካርሱልም በዝግታ ይገጣጠም ነበር። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 420 የፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የሚገፋ፤ አጥንቱ ከላምቦርጊኒ ጋላርዶ ጋር የሚዛመድ፣ ጠባዩ ግን እንደ ማንኛውም ኦዲ። በ2008 አይረን ማን ፊልም ላይ መታየቱ ለሽያጭ ከማንኛውም ምህንድስና በላይ ሳይረዳው አልቀረም። በ2024 ምርቱ እስኪቆም ሁለቱ ትውልዶች ተደምረው ከ40 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ የመጀመሪያው አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለ አንድ ፍሪሲዮን ስለነበረ፣ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የተሳፋሪው አንገት ይወዛወዝ ነበር።

ይህን አንገት ያሳረፈው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉዎቹን ይይዛል፤ ሁለተኛው እየሠራ ሳለ ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ለውጡ በዓይን ቅጽበት ያልቃል። ቮልስዋገን በ2003 በጎልፍ ላይ ለገበያ ያወጣው ቴክኖሎጂ ነው። ሌላው አስታራቂ ማግኔታዊው ሾክ አብዞርበር ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት፣ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት በሰከንድ ሽራፊ ይወፍራል፣ ሲቋረጥበት ይቀጥናል። ጉድጓድ ላይ ለስላሳ፣ ኩርባ ላይ ጠንካራ መሆን የሚችል መኪና የተገኘው በዚህ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ2002 በካዲላክ፣ ቀጥሎ በኮርቬት ላይ ገጠመው፤ ኦዲም ፌራሪም ኋላ ወሰዱት። ሆንዳ በ1989 በእጅ ሥራና በወራት ትዕግሥት ያገኘውን እርቅ፣ ዛሬ ከዕቃ አቅራቢ መግዛት ይቻላል። ሱፐርካሩ ገራም የሆነው ጠቢብ ስለበዛ ሳይሆን ዕቃው ስለረከሰ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ኮርቬቱ እንመለስ፤ የዘገየበት ምክንያት ራሱ ትምህርት ነው። ዞራ አርኩስ ዱንቶቭ የተባለው የኮርቬት መሐንዲስ ሞተሩ መሐል ይግባ እያለ የመሐል ሞተር ናሙና መሥራት የጀመረው በ1960 አካባቢ ነው። አመራሩ ዕድሜ ልኩን እምቢ አለው፤ የፊት ሞተሩ እየተሸጠ ለምን ገንዘብ እናውጣ ነበር መልሱ። ዞራ በ1996 ሞተ፤ ዐመዱ ኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን ባለው የኮርቬት ሙዚየም ተቀምጧል፤ መኪናው የሚመረተውም እዚያው ከተማ ነው። ዋና መሐንዲሱ ታጅ ጁችተር ሐሳቡን ዳግም ሲያነሣ የ2009ኙ የኩባንያው ኪሳራ መጥቶ አቆመው። በመጨረሻ አመራሩን ያሳመነው የፊዚክስ ግድግዳ ነው። የፊት ሞተር ያለው ኮርቬት ጉልበቱ ቢጨመርለትም የኋላ ጎማዎቹ መሬት መያዝ ስላቃታቸው ከዚህ በላይ መፍጠን አልቻለም። የጎማውን ችግር ለመፍታት ሞተሩን አዛወሩ።

ሲያዛውሩ ግን ሌላ ነገር አብሮ ተገኘ። ነጂው ከቀድሞው በ42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ተቀመጠ፤ ከፊቱ ረጅም ኮፈን ስለሌለ መንገዱን ከአፍንጫው ጀምሮ ያያል። የሻንሲው ጥንካሬ ያለው መሐል ባለው ወፍራም አጥንት ስለሆነ፣ የበሩ ደፍ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ቀሚስ የለበሰች ሴትና ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ይገቡበታል። የካርቦን ገንዳ ባላቸው ማክላረኖች ይህ ደፍ ከፍ ይላል። ሞተሩ ባለ 6.2 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 490 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሥጋ ዘመዱ ግን በሼቭሮሌ ፒካፕ ውስጥ ዕቃ ይጭናል። አውራ ጎዳና ላይ ቀስ ሲል አራት ሲሊንደሮቹን አጥፍቶ በአራት ይሄዳል። መሐንዲስ በሕልሙ የሚያየው ሞተር አይደለም፤ ዘይቱ ሲቀየር ግን ኪስ አይገለብጥም። ሱፐርካርን ለዕለት ኑሮ የማይመች ያደረገው ዋናው ነገር ሁልጊዜ ወገብና ጆሮ አልነበረም፤ የጋራዥ ደረሰኝም ነበረበት።

በ2021ም በ2022ም አሜሪካ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ኮርቬት ተሸጧል። ያን ያህል ቁጥር የሚሸጥ መኪና ሁሌም በጋራዥ ተሸፍኖ አይቀመጥም፤ በዝናብ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በሥራ ሰዓት ይታያል። በዋሽንግተን ዲሲ ብዙ የአገራችን ሰዎች በመኪና ማቆሚያ ሥራ ላይ አሉ። ለእነርሱ የዕለት መኪናና የበዓል መኪና ልዩነት የወሬ ጉዳይ አይደለም፤ ቁልፉን ተቀብሎ በጠባቡ ጠመዝማዛ መውረጃ አድርጎ አራተኛ ፎቅ ከመሬት በታች የሚያቆመው ሰው፣ ፍሪሲዮኑ የሚጣበቀውን፣ አፍንጫው የሚፋቀውን፣ ኋላው የማይታየውን መኪና ከባለቤቱ በላይ ያውቀዋል። ለሱፐርካር ሽልማት የሚሰጡ መጽሔቶች ዳኛ ቢቀጥሩ ከዚያ ሰፈር ይቅጠሩ እላለሁ።

እዚህ ላይ የሚያስቸግር ምሳሌ አለ። ሆንዳ በ2016 ሁለተኛውን ኤን ኤስ ኤክስ አመጣ፤ በኦሃዮ የተሠራ፣ ባለ ሦስት ኤሌክትሪክ ሞተር፣ 573 የፈረስ ጉልበት፣ ጠዋት ጎረቤት ሳይቀሰቅስ በጸጥታ የሚነሣ። ለዕለት ኑሮ ከእሱ የተመቸ ብዙ አልነበረም። ሆኖም በ2022 ሲያቆም የተሸጠው ሦስት ሺህ እንኳ አልሞላም። 156 ሺህ ዶላር መነሻ ዋጋው አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ግን፣ በ2016 ምቾት ብርቅ አልነበረም። ሁሉም ሱፐርካር ገራም ሆኗል፤ ላምቦርጊኒውም የከተማ ትራፊክ ይችላል። በ1990 ሆንዳን ልዩ ያደረገው ነገር በ2016 የመግቢያ ትኬት ብቻ ነበር። መኪናው 1,725 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝንም፣ የመጀመሪያው ይዞት የነበረውን ቅልጥፍና በኮምፒውተር ለማስመሰል ተገደደ። አያቱ ያስተማረውን ትምህርት ግማሹን ብቻ ነበር የያዘው።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት መኪና ማራኪነት “በየቀኑ ትነዳዋለህ” የሚለው ተስፋ ነው ብዬ አላምንም። ገዥዎቹ አብዛኞቹ ሌላ መኪናም አላቸው፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱት በእሱ ነው። የሚገዙት ነገር ምክንያት ማጣትን ነው። ካውንታሽ ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ላለመንዳት አሥር ምክንያት አለው፤ ሙቀቱ፣ ትራፊኩ፣ ማቆሚያው፣ የሚስቱ ፊት። ኤን ኤስ ኤክስ ወይም ኮርቬት ያለው ሰው አንድም የለውም። ዳቦ ልግዛ ብሎ ይወጣል፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ ይሄዳል። የመሐል ሞተር ደስታ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጉዞ በትክክል ይስማማል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድበት ማዞሪያ ላይም መሪው ያወራል፣ አፍንጫው ከሐሳብ ጋር እኩል ይዞራል፣ ሞተሩ ከኋላ ያንጎራጉራል። ፍጥነት ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ የጉልበቱን ሩብ እንኳ የሚፈቅድ መንገድ የለም። በዚህ ረገድ 270 የፈረስ ጉልበቱ ከ490ው ይልቅ ለሕግ አክባሪ ሰው ይመቻል፤ 8,000 ዙር ደርሶ አሁንም ፖሊስ የማያስቆመው ነው። አዲሱ ኮርቬት የአውራ ጎዳናን ሕግ በቀላሉ ይጥሳል፤ በእጅ የሚቀየር ማርሽም የለውም፤ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ብቻ ነው የሚሸጠው። ምቾቱን ያመጣው መሣሪያ ከነጂው ሥራ ቀምቶታል፤ ይህን እንደ ትልቅ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ፣ የማይስማማኝ ብዙ ሰው እንዳለ ባውቅም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሁሉ አሁን የወሬ ነገር ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም ቢገቡ ቀረጡ ከመኪናው ዋጋ ይበልጥ ነበር። ክልከላው ግን ሳይታሰብ አንድ ጥያቄ ወደ እኛም ያመጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ የመሐል ሞተር ጉዳይ ምን ይሆናል?

ለጊዜው መልሱ ቅይጥ ነው። የ2021ዱ ማክላረን አርቱራ ሲነሣ በኤሌክትሪክ ነው፤ ፌራሪ 296 በባትሪ ብቻ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ2023 የታየው ኮርቬት ኢ ሬይ ፊት ጎማዎቹን በኤሌክትሪክ ይገፋል፣ በአራት ጎማ ስለሚነዳም ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ ይዞ ይሸጣል፣ እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ያለ ጩኸት ከሰፈር ይወጣል። ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን ችግሩ ከሥር ይጀምራል። ባትሪ ከወለሉ በታች ሲነጠፍ ወንበሩ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ወንበር ያለው መኪና ጉልበቱ ቢበዛም ሱፐርካር ሊመስል አይችልም። ለዚህ ነው ሎተስ በ2019 ባሳየው ኢቪያ ላይ፣ ፖርሽም በ2021 ባሳየው ሚሽን አር ላይ ባትሪውን ከወንበሩ ኋላ የከመሩት፤ ሞተሩ ይቀመጥ በነበረበት ቦታ። ከ1966 ጀምሮ የነበረው አቀማመጥ ምክንያቱ ተለውጦ ቀጥሏል። የቀረው ክብደቱ ነው። ኡኤሃራና ጓደኞቹ ከ1,370 ኪሎ ጋር ነበር የታገሉት፤ ቀጣዩ ቡድን ያንኑ ቁጥር በባትሪ ማምጣት ከቻለ፣ ጉልበቱ ምን ያህል ነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይኖርም።